ፕላን መሥሪያ ቤቱን ማዘመን ከየት ይጀመር? (ከድሬ የተነሳ ክር)

የከዚራ ጥላ · ሰኞ ማታ

ሰላም ጎበዝ። ነገሩ ሲከነክነኝ ስለከረመ ነው ይቺን ክር የከፈትኳት። ድሬ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ዕቅድና ክትትል ክፍል ነው የምሠራው። የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እንጀራዬ ነው።

«የፕላን ተቋሙን ማዘመን» ሲባል ሁሉም ቶሎ ብሎ ወደ ሲስተም ይሮጣል። ዳሽቦርድ፣ ታብሌት፣ ስክሪን ላይ የሚበራ ቀይና አረንጓዴ። ሲስተም አልጠላም። ግን በዚህ ጉዳይ አገራችን ስምና መዋቅር መቀያየር አላነሳትም። በንጉሡ ዘመን የፕላንና ልማት ሚኒስቴር ነበር። ደርግ ማዕከላዊ ፕላን አደረገው። ከዚያ የኢኮኖሚ ልማትና ትብብር ሚኒስቴር ሆነ። በ1994 ከገንዘብ ጋር ተጋባ። በ2005 ተፋትቶ ብሔራዊ ፕላን ኮሚሽን ሆነ፣ በ2011 ፕላንና ልማት ኮሚሽን ተባለ። በ2014 አዋጅ 1263 ሲወጣ ደግሞ ይኸው ተመልሶ የፕላንና ልማት ሚኒስቴር። ስታትስቲክሱም ያኔ ከኤጀንሲ ወደ አገልግሎት ተቀይሮ ተጠሪነቱ ለእሱ ሆነ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ፋይል ግን ያው ነው።

የ9 ወር ሪፖርት ሰሞን ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ኤክሴሉ በቴሌግራም ይመጣል። ስሙ «የ9 ወር የመጨረሻ የተስተካከለ አዲስ 2» ነው። ዓምዶቹ የታወቁ ናቸው፦ ዋና ተግባር፣ መለኪያ፣ የዓመቱ ዕቅድ፣ የ9 ወር ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶኛ፣ ምክንያት። «ምክንያት» የሚለው ዓምድ ላይ አንዱ ረድፍ «በዋጋ ንረት ምክንያት» ይላል፣ ከዚያ በማውስ እስከ ታች ተጎትቷል። አንዱ ረድፍ ሥልጠና ነው። ለራሱ ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ፣ በራሱ አዳራሽ፣ ያለ አበል። እሱም በዋጋ ንረት ምክንያት አልተካሄደም። ደውዬ ልጠይቅ ስል ሰዓቱ ሄዷል፤ ከላይ «እስከ 6 ሰዓት አስገቡ» ተብሏል። አጠቃልዬ እልካለሁ። ከእኔ በላይ ያለውም አጠቃልሎ ይልካል።

ከዚያ ምን ይመለሳል? ምንም። «ይህ ቁጥር ካለፈው ዓመት ጋር አይገጥምም፣ እስቲ አስረዱን» የሚል ደብዳቤ ከላይ ሲመጣ አላየሁም። ያልላክን ቀን ብቻ ነው ስልክ የሚደወለው። ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ቁልቁል ግን ወሬ የለም። ታች ያለው ሰውም ብልጥ ነው። የሚያነበው እንደሌለ ካወቀ ቆየ።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ማዘመኑ ከመልሱ ይጀመር ነው። ቁጥር የላከ ሰው በቁጥሩ ምን እንደተወሰነ ይስማ። እናንተስ?

ሳቢያን ልጅ · ሰኞ ማታ

አቦ «የተስተካከለ አዲስ 2» ስትል ሳቅ ገደለኝ። እኛ ጋ «የመጨረሻ የምር» የሚል አለ።

ለገሃሬ ኮድ · ሰኞ ማታ

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ጽሑፍህ ደስ ይላል፣ ግን ሲስተሙን ቶሎ አታጣጥለው። አንተ የምትለው መልስ እንዲመለስ እኮ መጀመሪያ ነገሮቹ መተሳሰር አለባቸው። አሁን ችግሩ ምን መሰለህ፣ አንድ ፕሮጀክት አንድ መታወቂያ የለውም። ዕቅድ ክፍል ጋ «የቀበሌ መንገድ ማሻሻል» ይባላል። ፋይናንስ ጋ ስም የለውም፣ የበጀት ኮድ ነው፤ አይቤክስ ወይም ኢፍሚስ በሚባሉት የመንግሥት ሒሳብ ሲስተሞች ላይ ቁጥር ሆኖ ይቀመጣል። ግዥ ክፍል ጋ የጨረታ ቁጥር ነው። ተቋራጩ ጋ ደግሞ «ሎት 3»። አራቱ አንድ መንገድ መሆናቸውን የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ድልድል መጥቶ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል።

አንድ ፕሮጀክት ሲወለድ አንድ ቁጥር ይሰጠው፣ እስኪጠናቀቅ በዚያው ይጠራ። ስንት ብር ወጣ የሚለው ከፋይናንስ፣ ስንት ሜትር ተሠራ የሚለው ከመሐንዲሱ በዚያ ቁጥር ሥር ይግባ። ያኔ 80 ከመቶ ብር ወጥቶ 30 ከመቶ ሥራ የተሠራበት ፕሮጀክት ማንም ሳይነካው ራሱ ይታያል። የአንድ ሳምንት ኮድ ነው ይሄ። ዓመታት የሚፈጀው መሥሪያ ቤቶቹ በአንድ ቁጥር እንዲስማሙ ማድረጉ ነው።

የከዚራ ጥላ · ሰኞ ማታ

@ለገሃሬ ኮድ እዚህ ላይ አልከራከርህም። ግን ወረዳኔትን አስታውስ። በ1990ዎቹ ስንት ወረዳ ስክሪን ገባለት። በየወረዳው ከላይ የሚነገረውን መመሪያ በቪዲዮ አዳመጡበት። ከታች ወደ ላይ ጥያቄ ስንቴ ወጣበት? መስመሩ በሁለቱም በኩል ይሠራ ነበር እኮ።

መጋላ ነጋዴ · ማክሰኞ ጠዋት

ይቅርታ አድርጉልኝና የመንግሥት ሠራተኛ ጨዋታ ነው የያዛችሁት። እኛ መጋላ ላይ ዕቅድ የሚባል ነገር የምናውቀው መብራት ሲጠፋ ነው። ሰው በጀሪካን ውሃ እየቀዳ ዳሽቦርድ ምን ያደርግለታል?

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ዕድገትና ትራንስፎርሜሽን አንደኛው ላይ 2,395 ኪሎ ሜትር ባቡር በ5 ዓመት ይሠራል ተብሎ ነበር። ስኳር 2.25 ሚሊዮን ቶን ይመረታል ተብሎ ነበር። ባቡሩ የእኛው የጅቡቲ መስመር ነው ሥራ ላይ ያለው፣ እሱም ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ነው የጀመረው። ስኳሩን ተዉት፣ ሱቄ ደጃፍ ላይ የነበረውን የስኳር ሰልፍ ድሬ በሙሉ ያውቀዋል። ታዲያ ይህን ያቀደው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ስለሌለው ነው? ነበረው። ሰውም ነበረው። «ይሄ አይሆንም» የሚል አልነበረውም፣ ወይም ብሎ አልተሰማም።

ሦስተኛ ዓመት · ማክሰኞ ጠዋት

እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ነው የማጠናው። ሞኝ ጥያቄ ካልሆነ፣ ፕላን ሚኒስቴር ፕሮጀክት «አይሆንም» ማለት ይችላል እንዴ? ገንዘቡ እኮ ገንዘብ ሚኒስቴር ነው ያለው።

ጡረተኛው · ማክሰኞ ረፋድ

ልጆቼ፣ ከነዚህ ሁሉ ስሞች በአንዳንዶቹ ሥር ሠርቼ ነው የወጣሁት። ጠቅላይ መምሪያ ሲባልም ነበርኩ፣ ቢሮ ሲባልም ነበርኩ። የተማሪዋ ወይም የተማሪው ጥያቄ ሞኝ አይደለም። ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ ከ1950 እስከ 1954 ነበር። የዩጎዝላቪያ ባለሙያዎች ናቸው ያማከሩት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከትለው መጡ። ሰነዶቹ ግሩም ነበሩ። ግን በጀት የሚያዘው ሌላ ቤት ነው። ሚኒስትሩ ዕቅዱን በቀኝ እጁ ይዞ በግራው ለገንዘብ ሚኒስቴር ይለማመጣል።

በደርግ ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ። ማዕከላዊ ፕላን ኃይል አገኘ፤ ሲሚንቶውንም ብረቱንም የሚያከፋፍለው እሱ ሆነ። አገሪቱን በፕላን ቀጠና ከፍሎ በየቀጠናው ቢሮ ከፈተ። ይህ አንዱ ያልተነገረለት ጥሩ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ቀጠናው የተከፈለው ለልማት ጉዳይ ነው፤ የምሥራቁን ውሃ፣ መንገድና እህል አብሮ የሚያይ ሰው ነበር። ክፉው ነገር ደግሞ አይሆንም ማለት ፈጽሞ የማይቻል መሆኑ ነው። የአሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ ከ1977 እስከ 1986 ነበር። 1977 ምን ዓመት እንደነበር ለእናንተ አልነግራችሁም፣ አባቶቻችሁን ጠይቁ። ረሃቡ አገር እየፈጀ የእህል ምርት ዕድገት ሰንጠረዥ እንሞላ ነበር። መንግሥቱም ዕቅዱ ሳያልቅ በ1983 ሄደ።

አሁን ወደ ጥያቄው። ደቡብ ኮሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1961 የኢኮኖሚ ፕላን ቦርድ ሲያቋቁሙ የበጀት ክፍሉን ከገንዘብ ሚኒስቴር ነቅለው እዚያ ውስጥ አስገቡት። ስታትስቲክሱንም ጨመሩበት። ብዙም ሳይቆይ ኃላፊውን ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር አደረጉት። ፕሬዚዳንቱ በየወሩ እየመጣ ተቀምጦ ሪፖርት ይሰማ ነበር። በአንድ ጣሪያ ሥር ዕቅድ፣ በጀትና ቁጥር ተገናኙ ማለት ነው። እነሱም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. በ1994 መልሰው ከገንዘብ ጋር ቀላቅለውታል፤ ለዘላለም የሚሆን ቅርጽ የለም። ህንድ ደግሞ ፕላን ኮሚሽኗን እ.ኤ.አ. በ2015 ዘግታ ኒቲ አዮግ የሚባል አማካሪ ተከለች። ለክልሎች ገንዘብ የመደልደል ሥልጣኑ አብሮ ቀረ። ሁለቱም ማዘመን ተብለዋል። አንዱ ሥልጣን ጨመረ፣ ሌላው ቀነሰ። ስለዚህ እናዘምን የሚል ሰው ሲመጣ፣ «የቱን ይዘህ? አይሆንም ማለት ትችል ዘንድ ነው ወይስ ትመክር ዘንድ?» ብላችሁ ጠይቁት።

የከዚራ ጥላ · ማክሰኞ ከሰዓት

ጋሼ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ስለጻፉልን። @ሦስተኛ ዓመት፣ በወረቀት ላይ ይችላል። አዋጅ 1210/2012 የሚባል የፌዴራል ፕሮጀክቶች አስተዳደር አዋጅ አለ። ፕሮጀክት በጀት ከመያዙ በፊት ቅድመ አዋጭነቱ ተጠንቶ፣ ያንን የማያዘጋጀው ሌላ አካል ገምግሞት፣ ከዚያ ነው የሚያልፈው። ገምጋሚው የፕላን መሥሪያ ቤቱ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የመሠረት ድንጋይ ቀድሞ ተጥሎ ጥናቱ ኋላ የሚከተልበት ልማድ ስለነበር። የፌዴራል ብቻ ስለሆነ ግን ታች ያለነውን አይነካንም። እኛ ጋ አሁንም ፕሮጀክት የሚወለደው በስብሰባ ላይ ነው። ሰው እጁን አውጥቶ «የእኛ ቀበሌ መንገድ» ይላል፣ ይጨበጨባል፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይገባል። እኔ የማየው ሐምሌ ላይ በጀት ተይዞለት ሲመጣ ነው።

መጋላ ነጋዴ · ማክሰኞ ከሰዓት

ጋሼ እርስዎ ሲያወሩ ደስ ይላል። ግን ኮሪያ ኮሪያ ነው። እዚህ ለአንድ ቤት ሥልጣን ከሰጡት፣ ነገ ደግሞ ለሱቄ ፈቃድ ከሱ አምጣ ይለኛል።

ጡረተኛው · ማክሰኞ ከሰዓት

ልክ ነህ ልጄ፣ ያንንም አይቻለሁ። በዚያ ዘመን ለአንድ ኩንታል ሲሚንቶ የሦስት ቢሮ ፊርማ ይጠየቅ ነበር። እኔ የምለው የመንግሥትን ገንዘብ እንጂ የአንተን ሱቅ አይደለም። የመንግሥት ዕቅድ የመንግሥትን እጅ ይሰር፣ የነጋዴውን ይልቀቅ።

ጁገል በር · ማክሰኞ ማታ

ከሐረር ነኝ። ጋሼ የፕላን ቀጠና ያሉት ላይ ልጨምር፣ ምክንያቱም እኛ ከተማ ላይ የደረሰው ይሄው ነው።

ሐረር ውሃ የምትጠጣው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ዙሪያ ሁሉም በየፊናው ይስባል። ገበሬው በፓምፕ ለጫቱና ለድንቹ። ከተሞቹ ለመጠጥ። ዩኒቨርሲቲውም ለራሱ። ከተራራው ደግሞ አፈር እየታጠበ ይገባበታል። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ሠርቷል፤ መስኖው መስኖውን ጨምሯል፣ ውሃው ውሃውን ጨምሯል። የሁሉንም ድምር በአንድ ወረቀት ላይ የደመረ ግን አልነበረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ሐረር ውሃ በቦቴና በጀሪካን የገዛችበትን ጊዜ እዚህ ያለ ሰው አይረሳውም።

ከዚያ መፍትሔው ምን ሆነ? ድሬዳዋ በኩል ካለው፣ ድሬ ጃራ ከሚባለው ቦታ፣ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ቧንቧ። ከቆላ ወደ ደጋ ነው፣ ውሃው ሽቅብ ነው የሚገፋው። መንገድ ላይ ያሉ ከተሞችም ይካፈሉታል። እና ይሄን ተመልከቱ፦ ውሃው የሚወጣበት ሌላ አስተዳደር፣ የሚያልፍበት ሌላ ክልል፣ የሚጠጣው ሌላ ክልል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ መብራቱ ደግሞ የፌዴራል ነው። የሐረሪ ዕቅድ ላይ «የውሃ ሽፋን ይህን ያህል ከመቶ» ተብሎ ይጻፋል። ግማሹ ጉዳይ በሐረሪ እጅ አይደለም እኮ።

እኔ ብጠየቅ አገር አቀፍ የፕላን መሥሪያ ቤት ሥራው እዚህ ላይ ነው። የእያንዳንዱን ክልል ሪፖርት መሰብሰብ ሳይሆን በክልሎች መሃል የሚወድቀውን ማንሳት።

ሳቢያን ልጅ · ማክሰኞ ማታ

@ጁገል በር ድሬን አቋርጦ የሚያልፈው ደቻቱ ወንዝም እንደዚያው ነው። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ጎርፉ ሲመጣ ድሬ ላይ ይሄን ያህል ዝናብ አልነበረም። ዝናቡ የዘነበው ላይ፣ ሐረርጌ ደጋ ላይ ነው። ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ከዚያ በኋላ ድሬ ውስጥ ግንብ ተሠራ፣ ጥሩ ነው። ግን ላይ ያለው ተራራ ላይ ዛፍ የሚተክለው ሌላ አስተዳደር ነው። እሱ እርከን ሲሠራ የሚለካበት በሄክታር ነው። ድሬ ላይ የዳነ ሰው በሪፖርቱ አይገባለትም።

የከዚራ ጥላ · ማክሰኞ ማታ

ይሄንን ነጥብ ማንም ሰነድ ላይ እንዲህ አላስቀመጠውም። ከቻልክ ሰፋ አድርገህ ጻፈው።

ፎልደር · ረቡዕ ጠዋት

እኔ ቀበሌ ላይ ነኝ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን። የእናንተ «ከታች የሚመጣ ቁጥር» ማለት እኔ ነኝ እንግዲህ።

ሁላችሁም ያልነካችሁት አንድ ነገር አለ፣ አካፋዩ። መጨረሻው ቆጠራ በ1999 ነው። ድሬዳዋ 341,834፣ ሐረሪ 183,415 ሕዝብ። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይቆጠር ይላል። ቀጣዩ ተደጋግሞ ተራዘመና እስካሁን አልተካሄደም። ስለዚህ እኔ ዓመት ሲጀምር «በቀበሌሽ ይህን ያህል ከ1 ዓመት በታች ሕፃን አለ» ተብሎ የሚሰጠኝ ዕቅድ ከዚያ ቆጠራ እየተባዛ የመጣ ነው። ቀበሌው ግን አድጓል። ከገጠር የመጣ አለ፣ ከሌላ ክልል ተፈናቅሎ የመጣ አለ፣ ከሳቢያን ወዲያ በየዓመቱ አዲስ ቤት ይወጣል።

ውጤቱ ምን መሰላችሁ? ክትባቱን ከትቤ ስጨርስ ሽፋኑ ከ100 በላይ ይመጣል። መቶ አሥራ ምናምን። አለ ከተባለው ሕፃን በላይ ከተብኩ ማለት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ይላቸው ነበር። ከዚያ «ከመቶ በላይ አይሁን፣ ጥያቄ ያስነሳል» ተባለ። እና ሰው ምን ያደርጋል? 99.6 ያደርገዋል። ያስተካከልኩት እኔ ነኝ አላልኩም፣ ግን የተስተካከለ አይቻለሁ። ያ የተጨመረ ሕፃን ልክ ነበር እኮ! ስህተቱ ያለው አካፋዩ ላይ ነው። እውነቱን የነገረን ቁጥር ተሰርዞ ውሸቱ ቀረ። አዲስ ክትባት ሲታዘዝም የሚታዘዘው በ99.6ቱ ነው። ነሐሴ ላይ እናት ልጇን አዝላ መጥታ «አልቋል» ስላት የምትሰድበው እኔን ነው።

ሌላው፣ እኔ ቤት ለቤት እዞራለሁ። ፋሚሊ ፎልደር አለኝ፣ በየቤቱ ማን እንዳለ አውቃለሁ። ሴፍቲኔት ለብቻው መጥቶ ይመዘግባል። ትምህርት ቤቱ መስከረም ላይ ይመዘግባል። ፋይዳም ይመዘግባል። አንድ ግቢ አራቴ ተቆጥሮ አራት የተለያየ ቁጥር ይወጣል። አራታችንም ቁጭ ብለን መዝገባችንን አስተያይተን አናውቅም። ሻይ ቤት እንኳ አንገናኝም።

ለገሃሬ ኮድ · ረቡዕ ጠዋት

@ፎልደር እህቴ፣ ይሄ ጽሑፍ ከዋናው ይበልጣል። (ጥላ ይቅር በለኝ።)

አካፋዩን ቆጠራ እስኪመጣ ማሻሻል ይቻላል። አሁን ከሳተላይት ምስል ላይ ጣሪያ ቆጥረው ሕዝብ የሚገምቱ ሰዎች አሉ። ጥቂት ሰፈሮችን በእግር ሄዶ በአንድ ጣሪያ ሥር ስንት ሰው እንደሚኖር ይወሰዳል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይባዛል። ድሬ ላይ ግን መጠንቀቅ ነው። ፎቅ ላይ አንድ ጣሪያ ሥር 20 ቤተሰብ አለ፣ መጋዘን ሰፈር ደግሞ ትልቅ ጣሪያ ሥር ሰው የለም። የነፃ ንግድ ቀጠናው መጋዘን ሁሉ ቤት ተብሎ ቢቆጠር ሚሊዮን እንገባለን። ለዚህ ነው አንቺ ዓይነት ሰው የሚያስፈልገው። ምስሉ ጣሪያ ያሳያል፣ ከሥሩ ማን እንዳለ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

መጋላ ነጋዴ · ረቡዕ ቀትር

@ፎልደር 99.6ን ካየሁ በኋላ አመለካከቴ ትንሽ ተነቃነቀ። እኔ ሱቅ ላይ እቃ ሲጎድልብኝ በማግሥቱ አውቀዋለሁ፣ ኪሴ ነዋ። እነሱ ቁጥሩ ቢሳሳት ምን ይጎዳሉ? ደሞዝ ያው። ያዘመናችሁ ጊዜ ይሄንን አስተካክሉ፣ የተሳሳተ ቁጥር የላከም የተሳሳተ የተቀበለም የሆነ ነገር ይቅርበት።

ፎልደር · ረቡዕ ቀትር

@መጋላ ነጋዴ ወንድሜ ኧረ ቀስ! ቅጣት ካመጣችሁማ ሁሉም 99.6 ይሆናል። አሁን እኮ የሚዋሸው ዝቅ ያለ ቁጥር ግምገማ ላይ ስለሚያስወቅስ ነው።

ጡረተኛው · ረቡዕ ከሰዓት

ልጄ ፎልደር ልክ ናት። ሩዋንዳዎች ኢሚሂጎ የሚሉት የአፈጻጸም ውል አላቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ። የወረዳ ከንቲባ በአደባባይ ፈርሞ ይቀበላል። ጥሩ ነው እያልን ስናወራ፣ ራሱ የፈረመው ሰው ራሱን ሲለካ ውጤቱ ወደ መቶ ይጠጋባቸው ጀመር። በኋላ መለኪያውን ለሌላ ገለልተኛ ተቋም ሰጡት። አድራጊውና ለኪው ሁለት ሰው ይሁኑ ነው ነገሩ። እኛ ጋ ስታትስቲክስ አገልግሎቱ ለፕላን ሚኒስቴሩ ተጠሪ መሆኑ በዚህ በኩል ሁሌ ያሳስበኛል። አቃጁ ቤት ቆጣሪውንም ይዟል። ኮሪያዎቹም እንዲህ ነበሩ ትሉኛላችሁ፣ ነበሩ። እዚያ ግን ፕሬዚዳንቱ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ለምን ብሎ ይጠይቅ ነበር እንጂ ማነው የጻፈው አይልም።

ሦስተኛ ዓመት · ረቡዕ ማታ

ተማሪዋ ነኝ ጋሼ፣ ሴት ነኝ :) የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ላይ ልሠራ አስቤያለሁ። የአሁኑ የአሥር ዓመት ዕቅድ ከ2013 እስከ 2022 ነው። ሲጻፍ የብር ምንዛሬ የነበረበትን እና ከሐምሌ 2016 በኋላ የሆነውን ሳይ፣ የፕሮጀክት ዋጋዎቹ በሙሉ ሌላ ናቸው። ዕቅዱ መሃል ላይ የሚከለስበት ሥርዓት ድሬ ደረጃ ምን ይመስላል? ማን ነው ቁጭ ብሎ «ይሄኛው ይቅር፣ ያኛው ይቅደም» የሚለው?

የከዚራ ጥላ · ረቡዕ ማታ

@ሦስተኛ ዓመት እኔ ካለሁበት የማየውን ልንገርሽ። ማንም «ይቅር» አይልም። ነባር ፕሮጀክቶች በሙሉ ይቀጥላሉ፣ ካፒታል በጀቱ ግን በቂ ስላልሆነ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ይጣልላቸዋል። በሁለት ዓመት የሚያልቀው አምስት ዓመት ይቆያል፣ ተቋራጩ የዋጋ ማስተካከያ ይጠይቃል፣ ሁሉም ይወደዳል። ሰኔ ላይ ደግሞ ያልተነካው ብር እንዳይመለስ የበጀት ዝውውር ይጀመራል፤ ያን ሰሞን ወንበርና ፕሪንተር በብዛት ይገዛል። ጽሑፍሽን እዚህ ላይ አድርጊው። ስንት ፕሮጀክት ተጀመረ ሳይሆን ስንቱ በሰዓቱ አለቀ፣ ስንቱስ በግልጽ ተቋረጠ ብለሽ ቁጠሪ። አንድ ዕቅድ ያቋረጠ መሥሪያ ቤት ካገኘሽ ደውዪልኝ፣ ቡና እጋብዝሻለሁ።

@ፎልደር የ99.6ቱ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ሐሳብ አለኝ፣ ትልቅ አይደለም። ሚኒስቴር አያስፈልገውም። በየሩብ ዓመቱ ከቀበሌ የወጣው ቁጥር፣ ከእኛ ጋ ስናጠቃልል የሆነው ቁጥር፣ ልዩነት ካለ ለምን እንደሆነ፣ እና በዚያ ቁጥር ምን እንደተወሰነ፣ አንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ለቀበሌው ይመለስ። እኔ የእኔን ክፍል አለቃ ማሳመን የምችል ይመስለኛል።

ፎልደር · ረቡዕ ማታ

ለእኔ ብቻ አይመለስ። ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። እናቶቹ «በቀበሌያችን ይህን ያህል ሕፃን አለ» የሚለውን ካዩ እነሱ ናቸው የሚያርሙት። «የእኛ ግቢ ሦስት ተወልደዋል፣ የት አሉ» ይላሉ። ኧረ ይጮሁብናል እንጂ!

ሳቢያን ልጅ · ረቡዕ ማታ

አቦ ቴሌግራም ላይ ይለጠፍ፣ ግድግዳውን ማን ያየዋል።

ፎልደር · ረቡዕ ማታ

ክትባት የምታመጣው እናት ወረፋ ላይ ሁለት ሰዓት ግድግዳውን ነው የምታየው። ቴሌግራም የሌላት ብዙ ናት። አማርኛ የማታነብም አለች። በኦሮምኛና በሶማልኛም ካልተጻፈ አይጠቅምም።

ለገሃሬ ኮድ · ሐሙስ ጠዋት

ገጹን እኔ እሠራዋለሁ፣ በኤ4 የሚታተም፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሞላ። ኦሮምኛና ሶማልኛውን የሚያርም ሰው ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ። ጥላ፣ አንተ ደግሞ የአንዱን ሩብ ዓመት ኤክሴል ስሞቹን አጥፍተህ ላክልኝ። «የተስተካከለ አዲስ 2»ትን እንዳትልክ፣ የመጀመሪያውን ነው የምፈልገው።